ሚስቱን የሚደበድብ ባል በሽማግሌ ይታረቃል?

የጀሞዋ፦ ጎረቤቴ ትናንት ተመለሰች። ደብድቧት ስትወጣ ይኼ ሦስተኛዋ ነው። ሽማግሌ ገባ፣ ባልየው ጉልበቷን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቡና ተፈላ። እሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ስኒ ታቀብላለች። እኔም እዚያው ነበርኩ። እስኪ ንገሩኝ፣ ዱላ ባለበት ሽማግሌ ምን ይሠራል?

ጋሽ አስታራቂ፦ ልጄ፣ ብዙ ቤት አስታርቄያለሁ። ፖሊስ ጣቢያ የደረሰ ትዳር መልሶ አይገጥምም። ልጆቹንስ ማን ያስብላቸው?

የጀሞዋ፦ ጋሼ፣ ካስታረቁ በኋላ ተመልሰው ጠይቀዋት ያውቃሉ? እሷን ብቻዋን፣ እሱ በሌለበት?

ሰፈርተኛ፦ ቆይ፣ የሁለቱንም ወገን እንስማ። ምን ብላው ነው የመታት?

ጠበቃዋ፦ ይኼ ጥያቄ እኮ ነው የሚገርመኝ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሴቶች 63ቱ ባል የሚመታበት ምክንያት አለ ብለዋል። ምግብ ማሳረር አንዱ ነው! ወንዶቹ 28 ብቻ ናቸው። «ቻይው» እየተባልን አድገን የት እንሂድ?

ወደ ሽምግልናው ልመለስ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል ነው። ጉዳቱ ቀላል ከተባለ ግን ክሱ የቆመው በእሷ አቤቱታ ነው። ሽማግሌ መጥቶ የሚያስተዋት ይቺኑ አቤቱታ ነው። በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ። እሱም ያውቃል።

ከዲሲ፦ እዚህም ያው ነው። 911 ከመደወል ይልቅ ለንስሐ አባት ይደወላል። «ወረቀቴ በእሱ እጅ ነው» ብላ የምትፈራ ሞልታለች። ባልየው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ ግን የተደበደበች ሚስት ያለ እሱ ፊርማ ለመኖሪያ ፈቃዷ በራሷ ማመልከት ትችላለች። ይኼን የሚነግራት የለም።

ጋሽ አስታራቂ፦ እሺ፣ ትውጣ። የት ትገባለች? ቤቱ በእሱ ስም ነው።

ጠበቃዋ፦ በእሱ ስም መሆኑ ብቻውን የእሱ አያደርገውም ጋሼ። በትዳር ውስጥ ካፈሩት የጋራ ነው፣ ሲፋቱ እኩል ይካፈላሉ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ድሮ ፍቺውን ራሱ የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ የሚወስኑት፣ አሁን ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱም ታረቁ ብሎ ይሞክራል። ካልሆነ ግን የማሰቢያ ጊዜው ከ3 ወር አያልፍም።

ሰፈርተኛ፦ እና ሽማግሌ ይቅር ነው የምትሉት?

የጀሞዋ፦ ስለ ንብረት፣ ስለ ልጆች አወራርዱ። ዱላ ላይ ግን እጃችሁን አታስገቡ። ጋሼ፣ የቤቱን ነገር ትናንት ነግረዋት ነበር?

ጋሽ አስታራቂ፦ እኔም አሁን ነው የሰማሁት።