አመልካችን ሰው ሳያየው ማሽን ሊጥለው ይገባል ወይ?

አወያይ፦ በአሜሪካ በርካታ ቀጣሪዎች በቪዲዮ የተቀዳ የቃለ መጠይቅ መልስን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ የቃላት ምርጫውን የሚመዝን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠቀማሉ። ሰው ሳያየው አመልካችን የመጣል ሥልጣን ይሰጠው ትላላችሁ?

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ እኔ ይሰጠው ባይ ነኝ። ለአንድ ክፍት ቦታ መቶዎች ሲያመለክቱ ሁሉንም በእኩል ትጋት የሚያነብ ሰው የለም፤ በችኮላ የሚያነብ ዓይን ደግሞ ያዳላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የቺካጎና የቦስተን ጥናት ተመሳሳይ ብቃት የሚያሳዩ ማመልከቻዎችን ልኮ፣ የነጭ የሚመስል ስም የያዙት የጥቁር የሚመስል ስም ከያዙት 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ እንዳገኙ አሳይቷል። ስም የማያይ ማሽን ከዚህ ይሻላል።

የሶፍትዌር መሐንዲስ፦ ስም መደበቁ ብቻ አያድንም። የዜና ወኪሉ ሮይተርስ በ2018 እንደዘገበው፣ የኢንተርኔት ገበያው አማዞን ከ2014 ጀምሮ ሲሞክረው የነበረው ማመልከቻ መመዘኛ መሣሪያ የተማረው በ10 ዓመት ውስጥ ከገቡ፣ አብዛኞቹም የወንዶች ከሆኑ ማመልከቻዎች ስለነበር፣ «የሴቶች የቼዝ ክበብ» እንደሚለው ባለ ሐረግ ውስጥ «የሴቶች» የሚል ቃል ባገኘ ቁጥር ነጥብ ይቀንስ ነበር። ያ ቢታረምም፣ በወንዶች ማመልከቻ ላይ የሚዘወተሩ ግሶችን ማስበለጡን የመሰለ ሌላ የማዳያ መንገድ እንደማያገኝ ዋስትና አልነበረም፤ በመጨረሻም ተዉት።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ መተዋቸው እኮ ቁጥጥር እንደሚሠራ ያሳያል። ኒው ዮርክ ከተማ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ እንዲህ ያለ መሣሪያ በየዓመቱ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመርና አመልካቹም አስቀድሞ እንዲነገረው በሕግ ታስገድዳለች።

አመልካች፣ ከሜሪላንድ፦ እህቴ፣ ያ ምርመራ የሚያነጻጽረው በፆታ፣ በዘርና በብሔረሰብ እንጂ በአነጋገር ቅላጼ አይደለም። እኔ አማርኛ አፌን የፈታሁበት ሰው ነኝ፤ በተቀዳ ቃለ መጠይቅ ላይ «ፋርማሲ» ያልኩት በቪዲዮው ግርጌ «ፋርሚንግ» ተብሎ ሲወጣ እያየሁ ማረም አልቻልኩም። በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎች ፕሮግራሞች በአማካይ ከጥቁር አሜሪካውያን ቃላት 35 በመቶውን፣ ከነጮቹ 19 በመቶውን እንደሚስቱ አሳይቷል፤ ልብ በሉ፣ ሁለቱም እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ነው።

የሶፍትዌር መሐንዲስ፦ እንግዲያው ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት አመልካቹ ጽሑፉን አይቶ ያርም። ቴክኒኩ አያስቸግርም።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ በዚህ እስማማለሁ። ታርሞም ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውን ሁሉ ሰው ይመልከተው ከተባለ ግን መሣሪያውን መግዛታችን ምን ይረባናል?

አመልካች፣ ከሜሪላንድ፦ የማንን ማመልከቻ አስቀድማችሁ እንደምታዩ ለመለየት ይረባችኋል። ለመጣል ከሆነ፣ የጣለኝን ቃል ጠቅሶ የሚነግረኝ ሰው ይኑር።