የግንባር ባትሪዬ ስራመድ ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነኝ። የጦሳን ተራራ ሳይነጋ ስንወጣ የማስረው የግንባር ባትሪ አለኝ። ሦስት ቀጫጭን ድንጋይ ይበላል፣ ትሪፕል ኤ የሚባለውን። ቁም ሳጥን ውስጥ ከርሞ ሳወጣው አንደኛው ድንጋይ ፈሷል። የደሴን የክረምት ጉም ታውቁታላችሁ፣ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል።

ነጩን ዱቄት መሳይ ነገር ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ጠረግሁት። ትንሽ አረፋ አወጣና ለቀቀ። ከዚያ በአልኮል አጽድቼ በደንብ አደረቅሁት። አዲስ ድንጋይ ስከትበት ቦግ ብሎ ይበራል። ጠረጴዛ ላይ ምንም አይለውም። አስሬው መራመድ ስጀምር ግን ብልጭ ድርግም ይላል፤ ገደል አፋፍ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ድንጋዩን በጣቴ ጫን ሳደርገው ይስተካከላል።

የፈሰሰበት በኩል ያለችው ሞላ ልባጧ ተልጦ አረንጓዴ ሆናለች። ጉልበቷም የላላ ይመስላል። ፒያሳ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ "በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋት" አለኝ። እኔ ደግሞ የቀረው ልባጥ ተነስቶ ዝገቱ እንዳይብስባት ፈራሁ።

እንዲህ ያለ ነገር የሞከራችሁ፣ ሞላዋን ፈግፍጌ ልጠቀምባት ወይስ ከአሮጌ ባትሪ ሌላ ነቅዬ በስታኞ ባስበይድ ይሻላል?