ጎጆ ያለበትን ቅርንጫፍ ልቁረጥ ወይስ ልጠብቅ?

ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። አንኮበር ነው የምኖረው። የጓሮዬ ጽድ አንዱ ቅርንጫፍ ቆርቆሮዬን እየፋቀ አስቸግሮኛል። ክረምት ሳይገባ ልቆርጠው መሰላል ስወጣ ምን አያለሁ? መንታው ላይ የተንጠለጠለች ጎጆ! የቡና ሲኒ ብታክል ነው። በሸረሪት ድርና በቀጭን ሣር ተሸምናለች። ውስጧ ሁለት ጫጩቶች፤ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም።

ወላጆቹ አረንጓዴ ቢጫ ናቸው። ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት አለ፤ በነጭ ኩል የተኳሉ ነው የሚመስሉት። ሌላ ጊዜ በመንጋ እየተንጫጩ ከጽድ ኮሶ ይዘዋወራሉ፣ ትል ይለቅማሉ። ወፍ ዋሻ ደን ውስጥም አይቻቸዋለሁ።

ጫጩቶቹ ለመብረር ስንት ቀን ይፈጅባቸዋል? ቅርንጫፉን በገመድ ወደ ጎን ባስረውስ? ሰው የነካውን ጎጆ እናት ትተዋለች ሲባል ሰምቼ እጄን ሰብስቤያለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ፤ ቆርቆሮው እንደሆነ እየተበሳ ነው።