ለተሳቢ ጎማና ቸርኬ፦ የትኛው የመሸከም አቅም ነው የሚወስነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ኮሎራዶ ሲሆን፣ መኪና የምጭንበት ባለ ሁለት አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚይዝ ዘንግ) ተሳቢ አለኝ። እያንዳንዱ አክስል 3500 ፓውንድ ይችላል። ጎማዎቹ ኤስቲ (ለተሳቢ የተሠሩ) 205/75 አር 15፣ ሎድ ሬንጅ (የመሸከም አቅም ደረጃ) ሲ ናቸው፤ በ50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) እያንዳንዳቸው 1820 ፓውንድ ይሸከማሉ። አሁን ስላረጁ በዚያው መጠን ሎድ ሬንጅ ዲ፣ ማለትም በ65 ፒኤስአይ 2150 ፓውንድ የሚችሉትን ላስገባ አስቤአለሁ። ቸርኬውን ሳልቀይር ይቻላል? ከዚያስ በኋላ ጭነት መጨመር እችላለሁ?

ጎማ ሠሪ፦ ወንድሜ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ልክ ስለገባ ብቻ ይስማማሉ ማለት አይደለም። ቸርኬም የራሱ የክብደት ልክ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ወይም በብሎን ቀዳዳዎቹ አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል። ዝገትና ቀለም ስለሚሸፍነው በሽቦ ብሩሽ ያጽዱትና ጠመኔ ይቀቡት፤ ቁጥሩ ጎልቶ ይወጣል። ቸርኬው 1820 የሚል ከሆነ፣ የፈለጉትን ያህል ጠንካራ ጎማ ቢያስገቡ የዚያ እግር አቅም ከ1820 አያልፍም። የንፋስ ልክም ከተጻፈበት 65 መሙላት የሚችሉት እርሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቁጥር ከሌለው አምራቹን ይጠይቁ እንጂ በግምት አይሂዱ።

የረጅም መንገድ ሹፌር፦ ጭነት ስለ መጨመር ለጠየቁት፣ መልሱ አይቻልም ነው። ሁለት 2150 ጎማዎች 4300 ፓውንድ ቢችሉም አክስሉ 3500 ላይ ያበቃል፤ ተሳቢው ላይ የተለጠፈውም አጠቃላይ ክብደት በጎማ አይለወጥም። ሆኖም የተሻለው ጎማ ከንቱ ነው አልልም። በአሮጌው ሁኔታ ሁለቱ ጎማዎች በድምሩ 3640 ስለሚሆኑ በአክስሉ ላይ የሚተርፈው 140 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ቢያጋድል የዚያ ጎን ጎማ ከልኩ በላይ ይሸከማል። ስለዚህ ቢቻል ጎማውንም ቸርኬውንም 2150 አድርገው ትርፉን ለጥንቃቄ ይተዉት። ከነጭነቱም በከባድ መኪና ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ያስመዝኑት።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። አጽድቼ አየሁት፤ አራቱም 1820 ይላሉ። የትንሽ መኪና ጎማ ርካሽ አግኝቼ ነበር፤ እርሱስ?

ጎማ ሠሪ፦ እርሱን ይተዉት። የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ ሲገባ የተጻፈበት ክብደት ለ1.10 ተካፍሎ ነው የሚቆጠረው፤ 1800 የሚለው ወደ 1636 ይወርዳል። ወይ በሎድ ሬንጅ ሲ ይቀጥሉ፣ ወይ አራቱንም ከነቸርኬያቸው ይቀይሩ። አዲስ ቸርኬ ሲገዙ የብሎኖቹን ብዛትና ርቀት፣ የመሐሉን ቀዳዳ ስፋትና ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበትን ልክ (ኦፍሴት) ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ። ከላስቲክ የተሠራው ተራ ቫልቭ (ንፋስ መሙያ) በብዛት እስከ 65 ፒኤስአይ ድረስ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚሞላ ጎማ ከመረጡ የብረት ቫልቭ ያስገጥሙ። ዳዶዎቹን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ደጋግመው ያጥብቁ፤ አዲስ ቸርኬ ቦታውን ሲይዝ ዳዶዎቹ ይላላሉ።