በሲሲሊ ደሴት ጾመኛ ምን ይበላል? ስለ ፓሌርሞና ስለ ትራፓኒ የድሮ ምግብ የተደረገ ውይይት

ጥያቄ፦

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከመጪው የካቲት ወር ጀምሮ ለሥራ ወደ ፓሌርሞ ልዛወር ነው። እስካሁን የኖርኩት በስቶክሆልም ሲሆን፣ እንጀራውም ሽሮውም በሰፈሬ ስለሚገኝ በዐቢይ ጾም ተቸግሬ አላውቅም። ስለ ሲሲሊ ሲወራ የምሰማው ግን ስለ ዓሣና ስለ አይብ ብቻ ነው። እዚያ የኖረ ወይም የተጓዘ ሰው ቢኖርና ምክሩን ቢያካፍለኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦

እህታችን፣ የዛሬ ዓመት እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነበር ወደ ፓሌርሞ የተጓዝኩት። በሰሜን ጣሊያን፣ በቦሎኛ ከተማ 11 ዓመት ስለኖርኩ የአገሩን ምግብ ጠንቅቄ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በመጋቢት ወር ሦስት ሳምንት በደሴቲቱ ስቆይ ግን የማውቀው የአንድ አካባቢን ማዕድ ብቻ እንደሆነ ተረዳሁ። የቦሎኛ ምግብ በቅቤ፣ በእንቁላልና በአሳማ ሥጋ የተሞላ ነው፤ የሲሲሊ ድሃ ገበሬና የከተማ ሠራተኛ ለዘመናት ሲበላው የኖረው ምግብ ደግሞ በስንዴ፣ በባቄላ፣ በሽምብራ፣ በወይራ ዘይትና ከሜዳ በሚለቀም ቅጠል ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ጾመኛ ሰው የሚቸገረው ለጎብኚ በተዘጋጀው ምግብ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ እንጂ፣ የአገሬው ሰው ከሚበላበት ገበያና መንገድ ዳር ሲደርስ አይደለም።

መጀመሪያ የሚያገኙት ፓኔሌ የሚባለውን ነው። የሽምብራ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦና ጨው ተጨምሮበት፣ እንዳይጓጉል ሳያቋርጡ እያማሰሉት እንደ ገንፎ እሳት ላይ ይበስላል፤ በመጨረሻ የተከተፈ ፓርስሊ ይገባበታል። ትኩሱ በስሱ ተዘርግቶ ሲቀዘቅዝና ሲረጋ ይቆራረጥና በዘይት ይጠበሳል። ሰሊጥ በተነሰነሰበት ክብ ዳቦ መሐል ተደርጎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ በእጅ ተይዞ ይበላል። ባላሮ በሚባለው ጥንታዊ ገበያ ቆሜ ሻጩ ያን የረጋ የሽምብራ ገንፎ ሲቆራርጥ ሳይ፣ እናቴ በጾም የምታዘጋጀው ቡጢቻ ታወሰኝ፤ ልዩነቱ እኛ ቀዝቃዛውን በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ ስናሸው እነርሱ መልሰው መጥበሳቸው ነው። በዚያው ገበያ የተቀቀለ ድንችና ካርቾፊ (እምቡጡ የሚበላ አትክልት)፣ በምድጃ የተጋገረ ሙሉ ሽንኩርትም ትኩሱን ይሸጣል፤ ለቁርስም ለምሳም ይበቃል።

ወደ ባቄላው ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው እርሱ ነውና። ማኩ የሚሉት ምግብ የተላጠ ደረቅ ባቄላ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ከዚያ በዝግታ እስኪፈርስ ተቀቅሎ፣ የዱር እንስላል ተጨምሮበት፣ ጥሬ የወይራ ዘይት ፈሶበት የሚቀርብ ወፍራም ሾርባ ነው። በእኛ ዘንድ እንስላል ለጠጅና ለአረቄ ማጣፈጫ መሆኑን እንጂ ከባቄላ ጋር እንዲህ መስማማቱን አላውቅም ነበር። የተረፈው ሲያድር ስለሚረጋ፣ በማግስቱ ተቆራርጦ ይጠበሳል። እቤትዎ ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ምግብ ነው፤ ባቄላው በየገበያው በኪሎ ይገኛል፣ የዱር እንስላሉም ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጸደይ በእስር በእስር ይሸጣል።

ይህ ምግብ በተለይ የሚታሰብበት ቀን ማርች 19፣ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ለእርስዎ ከሌሎቹ በዓላት ሁሉ የሚስማማ ነው። በብዙ የደሴቲቱ ከተሞች ምእመናን ስእለት ተስለው ማዕድ ያዘጋጃሉ፤ ድሆች እንደ ቅድስት ቤተሰብ ሆነው፣ ማለትም አንድ ሕፃን፣ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ፣ በክብር ተቀምጠው ይስተናገዳሉ። በማዕዱ ላይ ሥጋ አይኖርም። ፓስታው አይብ ሳይሆን የተቆላ የዳቦ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል፤ ፍርፋሪው የአናጢውን የቅዱስ ዮሴፍን የእንጨት ብናኝ ያስታውሳል ይላሉ። ሳሌሚ በምትባለው ከተማ ደግሞ ሴቶች በልዩ ልዩ ቅርጽ በጋገሩት ዳቦ መሠዊያውን ያስጌጣሉ። ዝክር ሲዘከርና ነዳያን ሲበሉ እያየ ላደገ ሰው የዚህን ማዕድ ትርጉም ማንም ሊያስረዳው አያስፈልገውም። በዕለቱ የሚቀርበው ስፊንቼ የተባለው ጣፋጭ ግን ሪኮታ አይብ ስላለበት ይጠንቀቁ።

ሁለተኛው ቀን ዲሴምበር 13፣ የቅድስት ሉቺያ በዓል ሲሆን፣ እርሱም በእኛ ጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። በዚያ ቀን ነባሩን ልማድ የሚጠብቁ የፓሌርሞ ሰዎች ዳቦም ፓስታም አይቀምሱም። በ1646 እ.ኤ.አ. ጽኑ ረኀብ በነበረ ጊዜ በቅድስቲቱ ቀን እህል የጫነ መርከብ ወደብ እንደደረሰ፣ ሕዝቡም ስንዴውን እስኪያስፈጭ መታገሥ አቅቶት ቀቅሎ እንደበላ ይተረካል። ስለዚህ በየዓመቱ ኩቺያ የሚባል የተቀቀለ ስንዴ ይበላል። እኛ ንፍሮ የምንለው ነው። በፓሌርሞ በስኳርና በሪኮታ ያጣፍጡታል፤ በሌሎች ቦታዎች ግን ከሽምብራ ጋር ቀቅለው ዘይት ብቻ ያደርጉበታል፤ ለጾመኛ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

አሁን ስለ ጥንቃቄ ልናገር፤ እኔ ስቼአለሁና። በአንድ ትንሽ ምግብ ቤት የዳቦ ፍርፋሪ የተነሰነሰበት ፓስታ አዝዤ፣ ሥጋም አይብም እንደሌለበት በትሕትና ጠይቄ፣ የለም ተብዬ በላሁ። ኋላ ስጠይቅ ግን በዘይቱ ውስጥ አቹጋ፣ ማለትም በጨው የተቀመጠ ትንሽ ዓሣ፣ እንዲሟሟ ተደርጎ ነበር። አስተናጋጁ አልዋሸኝም፤ በአገሩ ልማድ ዓሣ ከሥጋ አይቆጠርም። ስለዚህ «ጾመኛ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ ነገሩን በስም እየጠሩ «ሴንፃ ፎርማጆ፣ ሴንፃ አቹጌ፣ ሴንፃ ስትሩቶ»፣ ማለትም ያለ አይብ፣ ያለ አቹጋ፣ ያለ ስትሩቶ፣ ማለት ያስፈልጋል። ስትሩቶ የአሳማ ስብ ነው፤ በአንዳንድ ዳቦና በብዙ ጣፋጭ ሊጥ ውስጥ ይገባል። ካፖናታ የሚባለውን ግን፣ ደበርጃን ተጠብሶ ከሰሊሪ፣ ከወይራ ፍሬ፣ ካፐሪ ከሚባለው የተክል እምቡጥ፣ ከቲማቲም፣ ከአቼቶና ከጥቂት ስኳር ጋር የሚሠራውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥጋት ሊበሉት ይችላሉ። ሲያድር ይበልጥ ይጣፍጣል።

ስለ ከተማዋ አንድ ነገር ልጨምር። ከፓሌርሞ ደጋፊ ቅዱሳን አንዱ ቅዱስ ቤኔዴቶ በባርነት ከተወሰዱ አፍሪካውያን ወላጆች በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሲሲሊ የተወለደ ሲሆን፣ ከከተማዋ ውጭ ባለው የሳንታ ማሪያ ዲ ጄዙ ገዳም በወጥ ቤት አብሳይነት አገልግሏል። ያረፈው በ1589፣ ቅድስናው የታወጀው ደግሞ በ1807 ነው። አንዳንድ ጽሑፎች ወላጆቹን ኢትዮጵያውያን ይሏቸዋል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ጥቁር ሕዝብን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ስለነበር ቃሉን እንደ ማስረጃ መውሰድ አይገባም። ቢሆንም ጥቁሩ አብሳይ በከተማዋ ሕዝብ እስከ ዛሬ መከበሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦

ከሚላኖ የምጽፍ ሙስሊም ወንድማችሁ ነኝ። በበጋው ከቤተሰቤ ጋር ወደ ደሴቲቱ ለመሄድ አስበናል፤ ከአሳማና ከወይን ጠጅ እንዴት እንደምንጠበቅ ቢያብራሩልን።

መልስ፦

ወንድማችን፣ በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው። በመንገድ ዳር ከሚሸጡት መካከል «አል ቡሮ» የሚባለው የሩዝ ኳስ፣ አራንቺና፣ በውስጡ የአሳማ ሥጋ አለው፤ በራጉ፣ ማለትም በሥጋ ስጎ፣ የተሞላውም ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይቀላቀልበታል። የጥጃ ጣፊያና ሳንባ በዳቦ የሚሸጠው ደግሞ፣ ዱለት ለለመደ ሰው ቢያጓጓም፣ በልማዱ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው። ካኖሊ በሚባለው ጣፋጭ ሊጥ ውስጥም የአሳማ ስብና ወይን ጠጅ ይገባል። ለልጆቹ ፓኔሌ፣ ከአልሞንድ ወይም ከሎሚ የሚሠራ ግራኒታ የሚባል የበረዶ ጣፋጭ፣ እንዲሁም የበለስ ፍሬ ይግዙላቸው፤ እዚያ ያለው በለስ የእኛው የቁልቋል ፍሬ ነው። ገበሬዎች በጁን አካባቢ የመጀመሪያውን አበባ ሆን ብለው ስለሚያረግፉት፣ ትልቁና ጣፋጩ ፍሬ የሚደርሰው በበልጋቸው፣ ከኦክቶበር አካባቢ ጀምሮ ነው፤ በበጋ የሚያገኙት ትንሹን ነው።

ጊዜ ካላችሁ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ብትሄዱ እመክራለሁ። ዓረቦች በ827 እ.ኤ.አ. ከባሕር የወጡት በማዛራ አካባቢ ነበር፤ ዛሬም በማዛራ ዴል ቫሎ ከቱኒዚያ የመጡ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች ይኖራሉ። በአጎራባችዋ ትራፓኒ ያለው የዓሣ ኩስኩስ የዚህ ዝምድና ውጤት ነው። አብሳይዋ ሴት በሰፊ የሸክላ ገበታ ላይ ሰሞሊና የሚባለውን ሻካራ የስንዴ ዱቄት በትና፣ ውሃ እያርከፈከፈች በጣቶቿ ታሽከረክረዋለች። ከዚያ በተበሳሳ ድስት አድርጋ በሚፈላ ሌላ ድስት ላይ ትጥድና፣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ሁለቱ ድስቶች የሚገናኙበትን ቦታ በሊጥ ትመርጋለች። ሲበስል የዓሣው መረቅ ይፈስበትና፣ ገበታው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መረቁን እስኪመጥ አንድ ሰዓት ያህል ያርፋል። በዚህ አሠራር የሚያዘጋጁ ቤቶች ለድንገተኛ እንግዳ ሊያደርሱ ስለማይችሉ፣ ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ እዘዙ፤ ስትደውሉም መረቁ ውስጥ ወይን ጠጅ እንዳያደርጉ ንገሯቸው።