የከርነል ስሕተት፦ ቁጥሩ ይበቃል ወይስ ምክንያቱም ይጻፍ?

የመወያያ ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ ዲስክ ማውንት (ለአገልግሎት ከሲስተሙ ጋር መገናኘት) አልሆን ሲል ለዓመታት የለመድነው መልስ «የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ወይም አማራጩ ተሳስቷል፣ ወይ ሱፐርብሎኩ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መዝገብ) ተበላሽቷል፣ ወይ ሌላ ስሕተት አለ» የሚል ነው። የማውንት ትእዛዙ ይህን ሁሉ የሚደረድረው ከከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት ከሆነው ፕሮግራም) የሚደርሰው አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ነው፦ 22፣ «ልክ ያልሆነ ግቤት»። ከርነሉ ምክንያቱንም ይናገር?

የድራይቨር ጸሐፊ፦ ይናገር እንጂ! 22ን የሚመልሱ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ኮዱ ቁጥሩን በሚመልስበት ቅጽበት የትኛው እንደሆነ ያውቃል፣ ከተመለሰ በኋላ ግን ማንም አያውቅም። «ፕሮብ (መሣሪያውን ፈትሾ ማስጀመር) አልተሳካም» ማለትም ምንም አለማለት ነው። የትኛው መሣሪያ፣ ምን ሲሞከር፣ ምን ተጠብቆ ምን እንደተገኘ ይጻፍ፤ በኤስፒአይ (ቺፖችን በሚያገናኝ መስመር) ላይ ላለ ቺፕ ለምሳሌ፦ «ኤስፒአይ 0.0፦ የቺፕ መለያ 0ኤክስ58 ሲጠበቅ 0ኤክስኤፍኤፍ ተነበበ»። ይህን ያየ ባለሙያ ቺፑ ጭራሽ እየመለሰ እንዳልሆነ ይጠረጥርና ኮዱን ትቶ ኃይሉንና ቺፑን የሚመርጠውን የቺፕ ሴሌክት ሽቦ ይፈትሻል።

የሰርቨር አስተዳዳሪ፦ ወንድሜ፣ ለሃርድዌር ልክ ነህ። ግን ሎጉ (የከርነሉ መልእክቶች መዝገብ) የጋራ ነው። አንድ ፕሮግራም የተሳሳተ ጥሪ በሉፕ ቢልክ ሪንግ በፈሩ (ሲሞላ አሮጌው በአዲስ የሚተካበት የሎጉ ማከማቻ) በዚያ ይሞላና ስለሚሞተው ዲስክ የተጻፈው መልእክት ተገፍቶ ይጠፋል። ሬት ሊሚት (የመልእክት ብዛት ገደብ) አለ እንዳትለኝ፤ በነባሪው በ5 ሰከንድ 10 መልእክት አሳልፎ የቀረውን ይውጣል፣ የተዋጠው ደግሞ የሚፈለገው ሊሆን ይችላል። በብዙ ማሽን ላይ ተራ ተጠቃሚ ሎጉን በዲሜሴጅ ትእዛዝ ማየትም አይፈቀድለትም። ታዲያ የተሳሳተው ሰው በምን ያንብበው?

የኔትወርክ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ጽሑፍ ሲባል ሎግ ብቻ ነው የታያችሁ። በ2017 በከርነል ስሪት 4.12 ኔትሊንክ (ፕሮግራሞች በተለይ ስለ ኔትወርክ ከከርነሉ ጋር መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ) ላይ የገባው የተራዘመ ምላሽ አጭር ጽሑፍና ስሕተቱ ያለበትን መስክ ከቁጥሩ ጋር ለጠያቂው ፕሮግራም ብቻ ይመልሳል። በ2019 በ5.2 የመጣው አዲሱ የማውንት ኤፒአይም (ፕሮግራሞች ማውንትን ከከርነሉ የሚጠይቁበት የጥሪ ስብስብ) እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱ ጠያቂው ፕሮግራም ከያዘው ፋይል ዲስክሪፕተር (የተከፈተ ፋይል መለያ ቁጥር) ይነበባል። ጥያቄህ መልስ አለው።

የድራይቨር ጸሐፊ፦ ለተጠቃሚ ጥሪ እስማማለሁ። ቡት ላይ ግን የሚመለስለት ጠያቂ የለም፣ ያለው ሎግ ብቻ ነው። እዚያም ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። 517 የሚለው የስሕተት ቁጥር ለምሳሌ ብልሽት ሳይሆን «ሬጉሌተሩ (ኃይል የሚመግበው ክፍል) ገና ስላልተነሳ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። እንደ ስሕተት ከታተመ ሰው የሌለ ችግር ሲፈልግ ይውላል። ለዚህ ዴቭ ኧር ፕሮብ የሚባል የከርነል ፈንክሽን አለ፤ 517ን ወደ ዲበግ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ምክንያቱን ዲበግኤፍኤስ (ለስሕተት ፍለጋ የሚሆን የከርነሉ ፋይል ሲስተም) ውስጥ ያስቀምጣል።

የሰርቨር አስተዳዳሪ፦ ይሁን። ስክሪፕቶች ጽሑፉን እየፈለጉ መወሰን ሲጀምሩስ? አንድ ቃል ያስተካከለ ሰው የሰው ሲስተም ይሰብራል።

የኔትወርክ ባለሙያ፦ ፕሮግራም የሚወስነው በቁጥሩ ነው፤ ጽሑፉ ለሰው ነው፣ ይህም በሰነዱ በግልጽ ይጻፍ። ጸሐፊዎችም ጽሑፉን ለሁለት መስመር አትክፈሉ፣ ከ80 ዓምድ ቢያልፍም ይለፍ። ከዲሜሴጅ ቀድቶ በግሬፕ (ጽሑፍ በሚፈልግ ትእዛዝ) ኮዱን የሚፈልግ ሰው የተከፈለ ጽሑፍ አያገኝም።