ራም የማይጨመርበት ውድ ላፕቶፕ፦ እንደገና እሱኑ ልግዛ ወይስ ወደ ሌላ ሲስተም ልሻገር?

የከዚራ ነዳፊ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ የምሠራ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። በ2010 ዓ.ም. አንድ ዘመዴ ከዱባይ ሲመለስ ስሙ የታወቀ አምራች የሠራውን ስስ ላፕቶፕ አመጣልኝ። ዋጋው ሁለት ተራ ላፕቶፖች ይገዛ ነበር፤ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣሁትም ውድ ዕቃ ብዙ ዘመን ያገለግለኛል ብዬ ስላመንኩ ነው። ሰባተኛ ትውልድ ኮር አይ ሰቨን ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም (ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) እና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ማከማቻ) ነበረው። ስክሪኑና ኪቦርዱ ዛሬም አልተጎዱም፤ ባትሪውን አንድ ጊዜ አስለውጫለሁ፤ ኤስኤስዲውንም በ1 ቴራ ተክቼዋለሁ። የቀረኝ ራም ብቻ ነበር።

ከአሥር ፎቅ በላይ የሆነ ሕንፃ ኢታብስ በተባለው የሕንፃ መተንተኛ ፕሮግራም ስተነትንና ጎን ለጎን የንድፍ መሣያውን አውቶካድ ስከፍት 8 ጊጋው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ የተረፈውን ወደ ኤስኤስዲው እየጻፈ ስለሚያዘግም፣ አንድ ማሻሻያ አድርጌ ውጤቱን እስካይ ድረስ ከወንበሬ ተነስቼ እመለሳለሁ። ባለፈው ወር ራሙን 16 ጊጋ እንዲያደርግልኝ ወደ ጥገና ባለሙያ ወሰድኩት። የታችኛውን ሽፋን ከፍቶ አሳየኝና «ኦንቦርድ ነው፤ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ የሚነቀል ነገር የለውም» አለኝ። ወላጅ አባቴ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ የጨረሱ ሰው ነበሩ። እዚያ አንድ ክፍል አለቀ ተብሎ ሙሉ ሎኮሞቲቭ አይጣልም ነበር፤ የጎደለው ብረት በቶርኖ ተቀርጾ ይተካል። እንዲህ ባለ ቤት ላደግሁ ሰው፣ ሌላው አካሉ ሁሉ ደኅና የሆነን ማሽን ለአንዲት ክፍል ሲባል መጣል እጅግ ይከብደኛል።

የዚያኑ አምራች አዳዲስ ሞዴሎች በየዓመቱ እመለከታለሁ። ይሳሳሉ፤ ይቀላሉ፤ ቀለማቸው ይለወጣል፤ ራማቸው ግን ለዓመታት ከዚያው ከ8 ጊጋ ሲጀምር አየሁ፤ ያውም የተበየደ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የእነዚህ ማሽኖች ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ያንኑ ልግዛ፣ ወደ ማክ ልሻገር፣ ወይስ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሲስተም ጭኜ በያዝኩት ልቀጥል? ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ጠጋኝ ዘታይዋን

ወንድሜ፣ እኔ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አጠገብ ላፕቶፕ እጠግናለሁ፤ እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ በየሳምንቱ ይመጣብኛል። በመጀመሪያ ቅሬታዎ ተገቢ መሆኑን ልናገር፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውብዎታል። የተናደዱት በዕቃው አሠራር ላይ ነው፤ ሊለውጡ የሚያስቡት ደግሞ ሲስተሙን ነው። ኢታብስ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። እንጀራዎ የተመሠረተው በእሱ ላይ ከሆነ፣ የትኛውን ሲስተም መያዝ እንዳለብዎት ሥራዎ ራሱ ወስኖታል።

ራሙ ለምን እንደሚበየድ ማወቁ ለግዢዎ ይጠቅማል። በስስ ላፕቶፖች የሚገባው ኤልፒዲዲአር የሚባለው የራም ዓይነት በዝቅተኛ ቮልቴጅና በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሠራ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር በጣም አጭር መሆን አለበት፤ ስሎት (ራም የሚሰካበትና የሚነቀልበት ቦታ) ሲገባበት መስመሩ ይረዝማል፤ ምልክቱም ይበላሻል። ስለዚህ ባትሪ የሚቆጥብ ስስ ማሽን ለመሥራት መበየዱ እውነተኛ ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ ለዚህም መፍትሔ ተገኝቷል፤ ኤልፒካም 2 የሚባል የሚነቀል ራም በ2024 እ.ኤ.አ. ቲንክፓድ ፒ1 ሰባተኛ ትውልድ በተባለው የሌኖቮ ላፕቶፕ ላይ ወጥቷል። ገና በእኛ ገበያ የሚገኝ አይደለም።

የተበየደውን ራም ነቅሎ ትልቅ መትከል ይቻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ አልዋሹም። ነገር ግን ቺፖቹ ከሥራቸው በጥቃቅን የብየዳ ኳሶች ስለተያዙ፣ እንዲህ ያሉ ቺፖችን በሚነቅለውና በሚተክለው ቢጂኤ ማሽን እኩል ሙቀት ይፈልጋሉ። ከዚያም በኋላ የራሙን መጠን ለማዘርቦርዱ የሚነግሩትን ጥቃቅን ሬዚስተሮች፣ አንዳንዴም ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም)፣ መለወጥ ያስፈልጋል። አንዲት ስሕተት ማዘርቦርዱን ይገድለዋል። እኔ ለሥራ በሚያገለግል ማሽን ላይ ይህን አላደርግም።

ደግሞም ፕሮሰሰሩ ሰባተኛ ትውልድ ነው ብለዋል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በመደበኛነት የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ራሙ ቢጨመር እንኳ ያ ማሽን ለዋና ሥራዎ ብዙ አያስኬድዎትም።

ከጅቡቲና ከዱባይ ከሚገቡት ያገለገሉ ማሽኖች ቲንክፓድ ቲ480ን ይፈልጉ። ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ያለበትን ይምረጡ፤ ሁለት የራም ስሎት አለው፤ አንዱ ባትሪ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ የሚነቀል ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ያግዝዎታል። እዚህ ላይ በጥንቃቄ ያንብቡ፦ ቲ480ኤስ የሚባለው ሌላ ነው፤ ግማሹ ራም የተበየደ ሲሆን ያለው አንድ ስሎት ብቻ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ቲ490ም እንዲሁ ነው። ለአንዲት ፊደል ሳያስተውሉ ከፍለው የሄዱ ደንበኞች አሉኝ። አቅም ካለዎት በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲ14 አምስተኛ ትውልድ ወደ ሁለት ስሎት ተመልሷል።

የጁገል መምህርት

ከሐረር ነው የምጽፈው። በጠጋኙ ምክር እስማማለሁ፤ አሮጌው ማሽን ግን ሞቷል በሚለው አልስማማም። እኔ ከእርስዎ የባሰ፣ 4 ጊጋ ራም ብቻ ያለው የተበየደ ላፕቶፕ ነበረኝ። ቀለል ያለ ሊኑክስ ጭኜበት ፈተና አዘጋጅበታለሁ፤ የተማሪዎችን ውጤት በሊብሬ ኦፊስ እሠራበታለሁ። የእርስዎ 8 ጊጋ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ያለ ችግር ይሸከማል፤ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 24.04 የተባለው ቅጂ የአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ አለው። ለደብዳቤ፣ ለስብሰባ፣ ለልጆች ትምህርት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅዎት፤ እኔ ሁለት ሳምንት አባክኜበታለሁና። በአማርኛ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶችዎን ከመሻገርዎ በፊት ይፈትሹ። ከዩኒኮድ (ፊደላት በየማሽኑ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲታዩ ከሚያደርገው የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ፋይሎች ፊደሉን የሚያሳዩት የራሳቸው ፎንት ሲኖር ብቻ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ይሆናሉ። የቆዩ ውሎችና የሥራ መዘርዝሮች በእነዚህ ተጽፈው ከሆነ፣ ዊንዶውሱ በእጅዎ ሳለ ወደ ዩኒኮድ ይለውጧቸው፤ ቢያንስ በፒዲኤፍ ያስቀምጧቸው።

ሠዓሊ ነኝ

እኔ የማስታወቂያ ዲዛይን የምሠራ የማክ ተጠቃሚ ነኝ፤ ከዊንዶውስ ተሻግሬ አልተጸጸትኩም። ለእርስዎ ግን አልመክርም። ኤም1 ቺፕ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ ማክቡኮች ባትሪያቸው ረጅም ነው፤ ሙቀትም አያበዙም። ነገር ግን ራሙ ከቺፑ ጋር አንድ ላይ የታሸገ ነው። የሸሹትን ነገር እዚያም ያገኙታል። ለማክ የተሠራ አውቶካድ አለ፤ ኢታብስ ግን የለም። በማክ የሚገባ ሰው ለሚቀጥሉት ስድስትና ሰባት ዓመታት የሚበቃውን ራም በመጀመሪያው ቀን መክፈል አለበት።

የከዚራ ነዳፊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እኅታችን ያሉትን ዕለቱን ፈተሽኩ፤ የ2002 እና የ2003 ዓ.ም. ውሎቻችን በሙሉ እንዳሉት ሆነው ተገኙ፤ ወደ ዩኒኮድ እየለወጥናቸው ነው። አሮጌው ላፕቶፕ ኡቡንቱ ተጭኖበት ለልጄ ይሆናል።

ቅዳሜ ዕለት ታይዋን ገበያ ሄጄ ቲ480 የተባሉ ሦስት ማሽኖች አየሁ። አንዱ ከሥሩ ሲታይ «ኤስ» ነበር፤ ምክሩን ባላነብ ኖሮ እሱኑ እገዛ ነበር፤ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ከቀሩት ሁለቱ በአንዱ ላይ ባለ 8 ጊጋ ራም በአንድ ስሎት ገብቷል፤ ሁለተኛው ስሎት ባዶ ነው። ሻጩ 16 ጊጋ ልጨምርልህና 24 ይሁን አለኝ። መጠኑ የማይመሳሰል ራም አብሮ ይሠራል?

ጠጋኝ ዘታይዋን

ይሠራል። ከ24 ጊጋው 16ቱ በሁለት መስመር እኩል ይነበባል፤ የቀረው 8 ግን በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሄድ በዚያ ክፍል ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለኢታብስ ከፍጥነቱ ይልቅ አለመሙላቱ ስለሚበልጥ፣ ለጊዜው 24ቱን ይውሰዱ፤ ገንዘብ ሲያገኙ ባለ 8ቱን አውጥተው በ16 ይተኩታል። ይህን ማድረግ የሚችሉት ስሎት ስላለው ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱንም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች በቻርጀር ይሞክሩ፤ የሁለቱንም ባትሪዎች ቀሪ አቅም ይዩ፤ ፋኑን አስከፍተው አቧራውን ያስጠርጉ። ደግሞም ጠዋት ሄደው አይፈትኑት። በግንቦትና በሰኔ ከተማችን ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ያረጀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ያለው ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህ በጠዋቱ ቅዝቃዜ አይታይም። ትልቁን የሕንፃ ሞዴልዎን በፍላሽ ይዘው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይሂዱና ግማሽ ሰዓት ያህል ያስተንትኑበት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ፣ ሦስተኛውን ማሽን ይጠይቁ።